እህቴን ሁለት ጊዜ የጣላት ታይፎይድ

እህቴን በእርግዝናዋ ወራት ታይፎይድ ጣላት። ዳነች ስንል ወለደች፤ ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ እንደገና ያዛት። እኔ እዚያው የምንኖርበት ከተማ ከሚሴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። የስንቱን ሰው ውጤት ጽፌ ሻይ ልጠጣ ወጥቻለሁ፤ የእሷን ትኩሳት ግን በየሰዓቱ እለካ ነበር። መድኃኒቱን እየወሰደች እንደ እሳት ትፋጃለች። ትሞትብናለች ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃቴን የተወጣሁት በወተት ሻጯ ነው። ከጨፋ ገጠር ወተት የምታመጣልንን ሴት በር ላይ ተቆጥቼ መለስኳት። ውሃውንም ከሰስኩ፤ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ እያልኩ ቤቱን አሰለቸሁ። ያልጠረጠርኩት እናቴን ብቻ ነው። የቤቱን ምግብ ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት፤ አራስ ደግሞ በገዛ እጇ አትጎርስም ባይ ናት፤ ገንፎውን ቅቤ እያስነካች ራሷ ታጎርሳታለች። ያ እጅ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይታጠባል፤ ከእሱ የነጻ እጅ ከየት ይመጣል?

እህቴ መጀመሪያ የታመመች ጊዜ ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ከታማሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው የሰገራ ናሙና ወስደው ነበር። የባክቴሪያውን ጂኖም፣ ማለትም ዘረመሉን በሙሉ ያነቡና፣ ሰው በአባት በአያቱ እንደሚቆጠር የትኛው የየትኛው ዘመድ እንደሆነ ይለያሉ። እናቴ በስንት ልመና ሰጠች። ከእኔ ከቆሎ ሌላ ምን ይገኛል እያለች ስታሾፍባቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከተመራማሪዎቹ አንዱ ደወለልኝ። የምትወስደው መድኃኒት የእህቴን ባክቴሪያ እንደማይገድለው ነገረኝ፤ ሐኪሙ ያኑ ዕለት ቀየረላት፣ ኋላም ያዳናት እሱ ነው። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን፣ እናትህ ታይፎይድ ይዟቸው ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀኝ። የእህቴ ባክቴሪያ ከሌሎቹ የከተማው ታማሚዎች ጋር አይዛመድም። የሚዛመደው እናቴ ላይ ከተገኘው ጋር ነው። እሷን ሳያማት ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ፣ በሰገራ እየወጣ በእጇ ወደ ምግብ ሲሻገር ኖሮ ይሆናል አለኝ። ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ እህቴን እያጎረሰቻት ነበር። የገዛ እናቴን እጅ ፈራሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ቆይቼ፣ የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ፣ የምትታጠበው ዉዱእ ለሶላት እንደሚያነጻ፣ ይሄ በሽታ ግን ሳሙናና መድኃኒት እንደሚፈልግ ነገርኳት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ገልብጣ አየችው።

«ያረቢ፣ በዚህ እጄ ነው የጣልኳት?»

ባክቴሪያው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ሳህኑን አቀበለችኝና እህቴን እኔ እንዳጎርሳት በአገጯ አመለከተችኝ። ይሄኔ ሕፃኑ አለቀሰ። እናቴ ልታነሳው ብድግ አለች፤ ግን ተመልሳ ቁጭ አለችና ሁለቱንም እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ሸሸገች።

«አንሳው ልጄ፤ እኔ ፈራሁ።»