በስልክ ገመድ የመጣ እምቢልታ

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ያኔ ዲላ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ትምህርት ቤት ከጨረስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቄ መሰኪያ በበዛበት ስዊችቦርድ ፊት መቀመጥና ደዋይን ከተደዋይ ማገናኘት ነው። አዲስ አበባ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ይርጋለምን እጠራለሁ፤ ይርጋለም ሻሸመኔን ትጠራለች፤ እንዲህ እየተባለ ድምፁ ከከተማ ከተማ ይሻገራል። ቡና በሚለቀምበት ወራት መተንፈሻ የለም። ክረምት ሲገባ ግን ነጋዴው ይቀንሳል፣ የጭነት መኪናውን ጭቃ ይይዘዋል፣ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓትም የእንቅልፍ ያህል ይሆናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከመስኮቱ ማዶ እንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሉን ያወዛውዛል፣ እኔም ዓይኔን እንደከፈትኩ አልማለሁ።

እንዲህ ባለ ቀን ነው፣ ይርጋለምን ልጠራ መሰኪያውን ስሰካ ያልለመድኩት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ የገባው። ከሥር ወፍራም፣ ንዝረት ያለው፣ ንብ የሞላበት ቀፎ የሚመስል ድምፅ አለ። ከላይ ደግሞ ረጃጅም ትንፋሾች፣ አንዱ ከቅርብ አንዱ ከሩቅ፣ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ።

«ይርጋለም! ይርጋለም! ዲላ ነኝ!» አልኩ። መልስ የለም።

የመስመር ሠራተኛችንን ጠራሁት። ከቡሌ በኩል የመጣ ጌዴኦ ነው፤ ከምሰሶ ወርዶ መግባቱ ነበርና ካፖርቱ ውኃ ያንጠባጥባል። «ዝናቡ ሽቦውን ነክቶት ይሆን?» ብዬ ማዳመጫውን ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ግንባሩ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት።

«ሽቦ አይደለም» አለኝ። «ሰው ነው። ሰው እየነፋ ነው።»

ማዳመጫውን ተቀብዬ እኔም ሰማሁ። ዜማው አያስጨፍርም፣ አያስለቅስምም። አንድ የድንጋይ አዳራሽ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በመስኮቱ የሚገባ የጧት ጭጋግ ታየኝ። እንደዚያ ያለ ቤት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው የአባቴን የጨርቅ ሱቅና የጎረቤቶቻችንን ቆርቆሮ ነው።

ድንገት ድምፁ ተቋረጠና የይርጋለሟ ልጅ መጣች። «ሃሎ? ዲላ? ውይ በሞትኩት፣ ስንት ጊዜ ጠራሽኝ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሬዲዮ ነዋ! ስልኩን ሬዲዮው አጠገብ ትቼው ነው። የጥንት ነገር የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው አሉ፤ በገና ከእምቢልታ። የነገሥታቱን ዘመን ነው የሚጫወቱት። በየሳምንቱ በዚህ ሰዓት አሉ።»

ይህችን ልጅ በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃትም። በቀን ስንት ጊዜ እንነጋገራለን፣ ጉንፋን ሲይዛት አውቃለሁ፣ ስትናደድ አውቃለሁ፤ ቁመቷን ግን አላውቅም።

«በሚመጣው ሳምንትም ስልኩን እዚያው ትይልኛለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «ሥራ ከሌለ ምን ገደደኝ!»

ዲላ ውስጥ ሬዲዮ ጠፍቶ አይደለም። ግን በዚያ ሰዓት የእኛ አገር ሬዲዮ ከጩኸት በቀር አይወጣለትም ነበር፤ ተራራው ይሁን ዝናቡ አላውቅም። ስለዚህ ያ ዜማ የሚደርሰን በገመድ ብቻ ሆነ። በየሳምንቱ ያችን ሰዓት እጠብቅ ጀመር። የመስመር ሠራተኛውም በዚያን ቀን ከስልክ ቤቱ አይርቅም፤ ምሰሶ ያጋደለበትን መንደር ለነገ ያሳድረዋል።

ሦስተኛችን ከአባቴ ሱቅ ጎን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው። ስለ ቡና ጭነታቸው ለመነጋገር አዲስ አበባን ጠርተው አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ «ልጄ፣ ምን እየሰማሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የበራው?» አሉኝ። አፍሬ ማዳመጫውን ቆባቸው ላይ ደፋሁላቸው። መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጥቂት ቆይቶ በሌላው መስመር አዲስ አበባ ወጣ። «ሐጂ፣ አዲስ አበባ ወጥቶልዎታል» አልኳቸው።

«ቆይ በያቸው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሆነን እንሰማ ነበር። የመስመር ሠራተኛው ማዳመጫውን ባዶ ጣሳ ውስጥ ሲያስቀምጠው ድምፁ ጎላ ብሎ ክፍሉን ይሞላል። ስልክ የሚደውል ሰው ሲመጣ ጣሳውን በክርናችን እንጋርደዋለን፤ ግን ዝናብ ያስገባው ሰው ሁሉ በዚያው ቆሞ ይቀራል። ሲያልቅ ሰዉ ከእንቅልፍ እንደነቃ ዓይኑን እያሸ ይወጣል።

ለአባቴ ስነግረው ደስ አላለውም። «በገና የጸሎት ነው፣ እምቢልታ የንጉሥ ነው፤ ማን አባቱ ነው ያቀላቀላቸው?» አለ። አባቴ የሰላሌ ሰው ነው፤ በጾም በገና ሲደረደር እየሰማ ያደገ። እኔ የምሰማው ጸሎትም ንጉሥም አልነበረም፤ ከእኔ በጣም የራቀና ግን የሚያውቀኝ የሚመስል ነገር ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን ሳናስበው ከነጃንጥላው ገባ። ጣሳውን አየ፣ እኛን አየ፣ መሰኪያውን አየ። አዲስ አበባ ዲላን ብትጠራ ብትጠራ የሚያነሳ አጥታ በፖሊስ ጣቢያው በኩል እሱን ቤቱ ድረስ መልእክተኛ ልካበት ኖሯል።

«ይህ መስመር የመንግሥት ነው» አለ። አልጮኸም። መሰኪያውን በገዛ እጁ ነቀለው። ለይርጋለም አለቃም ነገሩን አስታወቀ። ሐጂ ሊያማልዱኝ ቢነሱም እኔ ራሴ ቀሚሳቸውን ያዝ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። አለቃችን ልክ ነበርና ምን ይባላል?

ቀሪው ክረምት ረዘመብኝ። ያ ሰዓት ሲደርስ እጄ ሳላዘው ወደ መሰኪያው ይሄዳል። ከይርጋለሟ ልጅ ጋር በአጭር በአጭሩ እንነጋገራለን፤ ዜማውን በአፏ ልታሰማኝ ትሞክርና ሁለታችንንም ሳቅ ያሸንፈናል።

አደይ መፍካት ሲጀምር ግን አንድ ጧት በሹክሹክታ ጠራችኝ። «ዲላ፣ ስሚኝ፣ እንዳትጮኺ። ሊመጡ ነው። እዚህ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በሚመጣው እሑድ!»

ጮኽኩ።

አባቴ ብቻዬን አይለቀኝም ነበር። ሐጂ ሄደው «እኔም ጉዳይ አለኝ፣ ከጎኔ ትቀመጣለች» አሉት። አባቴ ሐጂን እንቢ ብሎ አያውቅም። እሑድ ጧት በሐጂ የጭነት መኪና፣ እኔና እሳቸው ከሾፌሩ ጎን፣ የመስመር ሠራተኛው ከኋላ ሸራ ሥር ሆነን ወጣን። ጭጋጉ ቡናውን ሸፍኖት ነበር። አፖስቶ ላይ ወደ ይርጋለም ስንታጠፍ የመስመር ሠራተኛው ከኋላ በኩል የእምቢልታውን ድምፅ በአፉ ሲሞክረው ሰማን፤ ሐጂም ፈገግ አሉ።

የአዳራሹ በር ላይ አጭር፣ ወፍራም፣ ባለ ጉንጉን ፀጉር ልጅ ቆማ የሚገባውን ሁሉ ታያለች። ቀጭንና ረጅም አድርጌ ነበር የሣልኳት። «ዲላ?» አለች በዚያ በማውቀው ድምፅ። ተቃቀፍን። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ፊት ወንበር ወሰደችኝ።

ካባ የለበሱ፣ ግርማ ሞገሳቸው የሚያስፈራ ሰዎች ጠብቄ ነበር። የወጡት አምስት ሰዎች ናቸው። መንገድ ላይ መኪናቸው ጭቃ ይዞት ኖሮ አንደኛው እምቢልተኛ እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ነው። በገና ደርዳሪዋ ከሲታ ሴት ናት፤ ሳል ይዟት በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። ከበሮ መቺው ሽማግሌ ነው። ልቤ ትንሽ ቀዘቀዘ።

ሴትየዋ በገናዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ ጀመረች። ያ የንብ ድምፅ በጆሮዬ ሳይሆን በወንበሩ እንጨት በኩል፣ በጀርባዬ ገባ። በስልክ የሰማሁት ጥላው ነበር ለካ። ከዚያ ሦስቱ እምቢልተኞች ተነሡ። እዚያ ነው ያየሁት፤ አንዱ ብቻውን ዜማ የለውም። እያንዳንዱ ያችኑ አንድ ሁለት ድምፁን ይነፋል፣ ዝም ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ዜማው በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይሄዳል።

የመስመር ሠራተኛው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እኛም አገር ቀርከሃውን እንዲህ ነው የምንነፋው፣ እየተጠባበቅን» አለኝ። ደስታው ከፊቱ ተርፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። የበሩ ብርሃን ትዝ ይለኛል፤ ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪስ ከተው ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ማኖራቸው ትዝ ይለኛል።

ያንን ቡድን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የሬዲዮው ዝግጅትም በዓመቱ ቀረ፤ ስንጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። የይርጋለሟ ልጅ ግን ጓደኛዬ ሆና ኖረች።

በዚያው እሑድ የሐጂ መኪና ጭነቱን እስኪጭን ቤቷ ወሰደችኝ። አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን ዜማውን ለመያዝ ሞከርን። እሷ አንዱን ድምፅ፣ እኔ ሌላውን። አልሆነም፤ መሀሉ ላይ እየተሰበረ ይወድቃል። ደጋገምን። ከመጋረጃው ማዶ ልብስ የምታጣጥፈው እናቷ ጉድለቱ ሰልችቷት መሰለኝ፣ በቀስታ ሦስተኛውን ድምፅ አስገባች። ተያየንና ሳንስቅ ቀጠልን።