እጅ አታውጪ

ልጄን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ያስገባኋት በእህቴ አድራሻ ነው። እኛ የምንኖረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ እህቴ ግን የባቡር ሠራተኛ አግብታ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ የምትመጣው ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ድሮ የማዶ ልጆችንም ይቀበል ነበር፤ አሁን ግን አዲስ የሚያስገባው የሰፈሩን ብቻ ስለሆነ አድራሻዋን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። «ውሰጂ፣ ጎረቤቶቼ እንዳይሰሙ ብቻ» አለችኝ። ደሜ ፈላ፤ ለልጄ ስል ዋጥኩት። ልጄንም አስጠናኋት፦ ማንም ቢጠይቅሽ ቤታችን ከዚራ ነው በዪ፣ የማዶ ልጆች እጅ አውጡ ሲባል እጅ አታውጪ።

አቦ፣ ምን ነክቶኝ ነው! ድሬ በፀሐይ እየነደደች ደንገጎ ተራራ ላይ ከዘነበ፣ በእግራችን የምንሻገረው የደቻቱ ደረቅ አሸዋ ባንዴ ጎርፍ ይሆናል። ለዚህ ነው መምህራኑ ተራራው ሲጠቁር የማዶ ልጆችን እጅ አስወጥተው ጎርፉ እስኪያልፍ ትምህርት ቤት የሚያስቀሯቸው። የከዚራዎቹን ይለቋቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ተራራው ጠቁሮ ሳየው ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ሮጥኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። በከዚራ በኩል፣ ሁልጊዜ በምንሻገርበት ቦታ፣ ልጄ ጫማዋን አውልቃ ይዛ ቆማለች። አንዲት ጫት ሻጭ ክንዷን ይዛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጄ ዞር ብላ ወደ ከዚራ ጠቆመች፣ ልክ እንዳስጠናኋት። ሴትየዋ ለቀቀቻትና ወደ ጫቷ ተመለሰች። ልጄ ወደ ውሃው ወረደች።

በአማርኛም በኦሮምኛም ያዢያት እያልኩ ጮህኩ። ጎርፉ ድምፄን ዋጠው። እንዲህ ያለ ፍርሃት ለጠላቴም አይስጠው፤ ገደልኳት፣ በአፌ ገደልኳት እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ አብረውኝ ሲጮሁ ሴትየዋ ቀና አለች። ልጅቷን፣ ከዚያ ራሴን በእጄ አሳየኋት። ገባት። ውሃው የልጄን ቁርጭምጭሚት አልፎ ነበር በዩኒፎርሟ አንገት ጎትታ ስታወጣት።

በነጋታው፣ ካባረሯትም ያባርሯት ብዬ፣ ልጄን ይዤ ርዕሰ መምህሯ ፊት ቆምኩ።

«ቤታችን ማዶ ነው» አልኩ።

ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። ቀሚሴን ጎተተችና «እማዬ፣ ዝም በይ» አለችኝ።