ቀድመው እጅ የነሱኝ ሽማግሌ

ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ አብራኝ የነበረች ታይላንዳዊት የአገሯን ሰላምታ አስተምራኛለች። መዳፍን ከመዳፍ ገጥሞ ጎንበስ ማለት ነው፤ የሚከበረው ሰው በላቀ ቁጥር እጅም ከደረት ወደ ግንባር ከፍ ይላል። የሚቀድመው ታናሽ ነው። ታላቅ ሰው ቀድሞ እጅ ከነሳሽ ዕድሜሽ ያጥራል ትለኝ ነበር።

በቀደም መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ልሳፈር ስል፣ የማላውቃቸው ባለ ጋቢ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሱ። መዳፋቸውን ገጥመው እስከ ግንባራቸው አደረሱና ጎንበስ አሉልኝ። በእኛ በእስቴ እንዲህ ሰላም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

«ኧረ አባቴ፣ ነውር ነው፤ መነሳትስ የኔ ነበር» አልኳቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ ዛሬ የሚነሳው ለእናንተ ነው።»

ብቻዬን ቆሜ «እናንተ» ማለታቸው ግራ ገባኝ። ገብቼ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በውጭ በኩል መስኮት ለመስኮት እየዞሩ ለተሳፋሪው ሁሉ በየተራ እጅ ይነሳሉ። ኋላ ወንበር እናቱ ጭን ላይ የተኛው ሕፃን ጋ ሲደርሱ፣ ከሁላችንም ይልቅ ለእሱ ዝቅ ብለው ጎነበሱ።

ረዳቱ በሩን ዘጋው። ሚኒባሱ ገና አልተንቀሳቀሰም።

«ወራጅ አለ» አልኩ።