አባቴን በሕግ አምላክ ያቆምኩበት የወላጆች በዓል

ሰው ሲሰደድ በሌሊት ነው የሚወጣው፤ ውሻ እንዳይጮህበት፣ ጎረቤት እንዳይነቃበት። እኔ በጠራራ ፀሐይ ወጣሁ። እናንተ የስማዳ ሰዎች ዛሬም «ኮበለለች» እያላችሁ እንደምታሙኝ እሰማለሁ። ኮብላይ ግን ላገኘው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ አይሄድም። የመስቀል ማግሥት ነበር። ልጄን የሻረግን በእጄ ይዤ፣ የበሶ ስልቻዬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በአባቴ ፊት አለፍኩ። አባቴ መሪጌታም ቄስም ናቸው፤ የማያውቃቸው የለም። ተማሪዎቻቸውን ዜማ እያስጠኑ ነበር።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባ፣ ንፋስ መውጫ።»

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ተማሪዎቹም መምህራቸውን ተከትለው ሳቁ። እኔም ሳቁን ሳልሰማ እንዳለፍኩ አስመስዬ ሄድኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ልናገር። ባሌ ከሞተ በኋላ አባቴ የሻረግን ለአንድ ደህና ሰው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ልጅቱ ገና የወለቀ ጥርሷን ጣራ ላይ የምትወረውር ናት! እኔን በዚያው ዕድሜ ሲድሩኝ ማንም አልጠየቀኝም። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው፣ ዳዊት ላይ ስደርስ ነጥቀው የዳሩኝም እሳቸው። አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ ልጄን ግን አልሰጣቸውም አልኩ።

አርብ ገበያ ከተማ አድረን ሽቅብ ወጣን። ወገኖቼ፣ ስለ ንፋስ መውጫ ብርድ የነገረኝ ሰው አልነበረም! ስሙን ሲያወጡለት እንኳ አስጠንቅቀው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። እኛ ቆላ ላይ ጋቢ የምንለብሰው ለክብር ነው፤ እዚህ ሰው ጋቢውን ካወለቀ ታሟል ማለት ነው። የገብሱ እንጀራ ይከብዳል፤ የማሽላችን ሽታ በሕልሜ ይመጣ ነበር። እኛ ዘንድ እንግዳ ደጅ ሲቆም «ግቡ» ይባላል፣ ስሙ የሚጠየቀው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። እዚህ ከተማው ውስጥ መጀመሪያ «ማነው?» ቀጥሎም «ምን ፈለግህ?» ነው የሚሉት።

ቤት ልከራይ እማማ ብርዛፍ የሚባሉ ባልቴት ዘንድ ሄድኩ።

«ባልሽ የት አለ?»

«መቃብር።»

«ወንድምስ?»

«ወንድም የለኝም።»

«ዋስ የሚሆንሽ ሰውስ?»

«እማማ፣ ሰው ቢኖረኝ የእርስዎን በረት እከራይ ነበር?»

ቤቱ በእርግጥ በረት ነበር፤ የላሟ ማሰሪያ ግንድ ገና አልተነቀለም። እማማ ብርዛፍ ጥቂት አዩኝና «ምላስሽ ዋስ ይሁንሽ፣ ግቢ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እየፈተልኩ ኖርኩ። ቆላ ያደገች ሴት ጥጥ ታውቃለች።

ትምህርት ቤቱ ግን ከእማማ ብርዛፍ ይልቅ ከበደኝ። ዳይሬክተሩ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከረባት ያሰረ፣ አፍንጫው በብርዱ የቀላ ወጣት ነው።

«አባቷ ይምጣ» አለ።

«ሞቷል ጌታዬ።»

«እንግዲያው ወላጅ ይምጣ።»

«መጥቻለሁ።»

«ወላጅ ማለት አባት ነው። አባት ከሌለ አያት ወይም አጎት ይፈርማል።»

«ጌታዬ፣ እርስዎን የወለዱዎት አጎትዎ ናቸው?»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዳይሬክተሩ ተቆጣ፤ ቢቆጣም ክፉ ሰው አልነበረም። በጣቴ እንድፈርም ቀለም አቀረበልኝ። እኔም ብዕሩን ከእጁ ተቀብዬ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩለት። የሻረግ በዚያው ቀን አንደኛ ክፍል ገባች።

በኅዳር ዳይሬክተሩ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ «የወላጆች በዓል ስላለን ወላጆች ሁላችሁም እንድትገኙ» ብሎ ለፈፈ። ያገሩ የጋይንት ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ሰብስበው ግብር ሊጥሉብን ነው» ብሎ አጨዳውን ምክንያት አድርጎ ጠፋ። በቀኑ እኔ፣ አንዲት ዓይነ ስውር አያትና አንድ የጠፋ በግ ፍለጋ የገባ ሰው ብቻ ተገኘን። ልጆቹ ለባዶ ሜዳ ዘመሩ። እኔ ግን እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ዳይሬክተሩ ሞኝ አልነበረም፤ በዓሉን ወደ ጥር፣ አውድማው ወደሚጸዳበት ጊዜ አዛወረው። ከዚያ በፊት ግን ለትምህርት ቤቱ አጥር ደቦ ጠራ። ከደቦ የሚቀር ገበሬ የለምና ሰዉ መጣ፤ ወንዱ መጥረቢያ ይዞ፣ ሴቷ ጠላ ተሸክማ። እኔ መጥረቢያ ይዤ መጣሁ። ከእስቴ መጥተው ከከተማው ዳር የሰፈሩት አያ ሞላ አዩኝና ሳቁ።

«አንች፣ የሴቶቹ በዚያ ማዶ ነው።»

«ልጄ የምትማረው በዚህ ማዶ ነው፣ አያ።»

እሳቸው ጉድጓድ ሲቆፍሩ እኔ ግንዱን ያዝኩ። ማታ ላይ «ክንድሽ ደህና ነው» አሉኝ፤ ከእስቴ ሰው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የጥር ወሩ በዓል ደረሰ። የወረዳው ገዥ በክብር ወንበር ተቀመጡ። ሜዳው ሞላ። ጅምናስቲክ ነበር፣ በጆንያ ሩጫ ነበር። ለአባቶች ገመድ ጉተታ ተዘጋጅቶ የእስቴና የጋይንት ሰዎች ገና ሳይጀምሩ ይሰዳደቡ ነበር። የሻረግ ግጥም ልታነብ ቆመች። ግማሹን ሳታደርስ አባቴ በበሩ ገቡ።

ሰዉ ካህን ሲያይ ብድግ አለ። «አያቷ ናቸው፣ ደስ ብሏቸው ሊመርቋት ነው» አለ አንዱ፤ ሌላው ሁሉ አጨበጨበ። አባቴ መስቀላቸውን እያሳለሙ መጥተው የልጄን እጅ ያዙና ወደ በሩ መሯት። ከበሩ ውጭ የሙሽራው አጎቶች የተጫነ በቅሎ ይዘው ቆመዋል። ሰዉ አሁንም ያጨበጭባል። ሜዳው ሁሉ ልጄን በእልልታ እየሸኘልኝ ነበር!

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። «በሕግ አምላክ! ይቁሙልኝ፣ አባቴ!»

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይላሉ። አባቴ ቆሙ። ጭብጨባውም ቆመ። አባቷን በሕግ አምላክ ያቆመች ሴት በአገራችን ታይታ አታውቅም። ይህን ለማለት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ በሉ አሁን በደንብ እሙኝ።

እንደ ደንቡ ነጠላዬን ከኩታቸው ጫፍ ቋጠርኩ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ስለቸኮልኩ ቋጠሮው ላላ። አባቴ ዝቅ ብለው አዩት፤ ፈቱትና ደግመው አጥብቀው ቋጠሩት። ሕግ አዋቂ ናቸው፤ በላላ ቋጠሮ ዳኛ ፊት መቅረብ ያሳፍራቸዋል። ያን ጊዜ ክሴን ልተወው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። መመለስ ግን አልተመለስኩም፤ እንደተቆራኘን ሜዳውን አቋርጠን ገዥው ፊት ቆምን።

«ይህ በዓል ነው ወይስ ችሎት?» አሉ ገዥው፣ ገመድ ጉተታው እንዳያመልጣቸው እያዩ።

«ሕግ በተጠራበት ሁሉ ችሎት ነው፣ ጌታዬ» አሉ አባቴ። እኔን ደግፈው መናገራቸውን አላወቁትም።

«እንግዲያው ተናገሩ።»

«ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አበው» አሉ አባቴ።

«የተናገሩት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «የወለድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለእርስዎ ቃል የእኔ ልጅ አትጠፋም።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ገዥው መለሱ። «እንግዲህ ይፍረዱ» አሉ።

ገዥው ፈረዱ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትማር፤ እናቲቱ ግን ይዛት እንዳትሰወር ዋስ ትጥራ አሉ። ዋስ! ያቺው የጥንት ጠላቴ። ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። መሪጌታን የሚያስቀይም ማን ይነሣል?

አያ ሞላ ገመዱን ጥለው መጡ። «እኔ ዋስ ነኝ።»

«ምንህ ናት?» አሉ ገዥው።

«ምኔም አይደለች። አጥሩን አብራኝ ያጠረች ናት።»

ከዚያ አንድ የጋይንት ሰው፣ የእስቴ ሰው ሊበልጠው አይገባምና፣ «እኔም» አለ። ከወደ ኋላ እማማ ብርዛፍ «የሴት ዋስ ካልተቀበላችሁ ምላሴን እሰጣችኋለሁ!» ሲሉ ሜዳው ሳቀ።

አባቴ ቋጠሮውን ፈቱ። «ልጅቱ ትቅር» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንች ግን እኔ በሕይወት ሳለሁ ስማዳን እንዳትረግጭ።» ለእንግዳ የተጋገረውን ዳቦ ሳይቀምሱ ሄዱ። የሻረግ ግጥሟን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እያለቀሰች ጨረሰችው። እኔም እያለቀስኩ አጨበጨብኩ።

ክረምቱ አልፎ በመስከረም አንድ የጨው ነጋዴ ከስማዳ መጥቶ ደጄን መታ። «መሪጌታ ልከውኝ ነው። ልጅቱ ስንተኛ ወጣች ብለዋል» አለኝ።

«ሁለተኛ በላቸው።»

በሌላኛው ጉዞው ተመልሶ መጣ፤ የፈራ ይመስል ነበር።

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹አንደኛነቱን ማን ነጠቃት?› አሉ።»

ሳቅሁ፤ ሳቄ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ። ነጋዴው ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። «ይምጡና ራሳቸው ይጠይቁ በላቸው» አልኩት። «በዓሉ ዘንድሮም በጥር ነው። የስማዳ መንገድ የተዘጋው ለእኔ ነው፤ የንፋስ መውጫው ግን ለእሳቸው አልተዘጋም።»

ይኸው ጥር ገባ። ልጆቹ መዝሙር ይለማመዳሉ፤ እኔም ዘንድሮ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ ወንበር የማሰናዳው እኔ ነኝ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ያጠፋሁት የለም። ብቻ በስማዳ መውጫ በኩል ነጭ ጥምጥም ብቅ ባለ ቁጥር እንዝርቴን ጥዬ ብድግ እላለሁ፤ እስካሁን ሁሉም የሌላ ሰው አባት ነው።