ውሃ የአላህ ነው ያልኩ ቀን

በጋው ጠንቶ ከሚሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሰሞን፣ ስለ አዲሱ ታሪፍ ለመነጋገር ቀበሌ ተጠራን። እንደ እኔ ሰው ፊት መናገር የሚፈራ የለም። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከውሃ ቢሮ የመጣው ልጅ "ውሃው እያነሰ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ካልከፈለ ማንም አይቆጥብም" ሲል ብድግ አልኩ።

"ልጄ፣ ውሃ የአላህ ነው። እሱ በነፃ ባወረደው ላይ ዋጋ መቆለል ነውር አይደለም ወይ? ቧንቧ የሌለው ደሃስ ምን ይጠጣ?"

አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል ጎረቤቴ እማማ ዘሀራ ከኋላ ተነሱ። እሳቸው ቧንቧ የላቸውም፤ ከእኔ ደጅ በጀሪካን ይገዛሉ። አልሸሽግም፣ የምሸጥላቸው ቆጣሪው ከሚያስከፍለኝ እጥፍ ድርብ አድርጌ ነው።

"የሰዒድ እናት፣ ገለቶሚ!" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ። "ለአላህ ብለሽ ቧንቧሽን በነፃ ልትከፍቺልን መሆኑን ባውቅ ኖሮ ጀሪካኔን ይዤ እመጣ ነበር።"

አሽሙር መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የምራቸውን ነው።

"ኧረ እኔ እንደሱ ማለቴ..." ብዬ ሳልጨርስ የሰፈራችን ሼህ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። "ለደሃ ውሃዋን የሰጠችውን እህታችንን አላህ ከጀነት ምንጭ ያጠጣት!"

ሕዝቡ በአንድ አፍ "አሚን!" አለ።

አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ከሁሉም ዘግይቶ የተሰማው አሚን የእኔ ነበር።