አሥራ ሁለተኛው ባዶ ቤት

ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ስታነብ የኖረች ሴት ነበረች፤ በታችኛው ሰፈር «እትዬ ቆጣሪ» ይሏታል። ውሾቹ እንኳ ለምደዋት አይጮኹባትም። ጎንበስ ብላ የቆጣሪውን ክዳን ታነሳለች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። የሐሰት ቁጥር ጽፋ አታውቅም።

የምትኖረው ግን ላይኛው ሰፈር ነው፤ ቆጣሪም ቧንቧም በሌለበት። ቀኑን የሰው ውሃ ስታነብ ውላ፣ ሲመሻሽ ጄሪካን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። ጎሚስታ ባሏ፣ «የውሃ ሠራተኛ አገባሁ ብዬ ስኩራራ፣ እጄን የምታጠበው ጎማ በነከርኩበት ውሃ ሆኖ ቀረ» ይላታል።

«አንተ ደግሞ መቼ ታጥበህ ታውቃለህና» ይሉታል እናቱ።

በዚያ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ አንድ እቅድ አወጣ። በታችኛው ሰፈር ዋና መንገድ ላይ ባለቤት እያላቸው ሰው የማይገባባቸው፣ ጣሪያቸው የዘመመ ቤቶች ነበሩ። ማዘጋጃ ቤቱ አድሶ ያከራያቸዋል፤ ከኪራዩ ለባለቤቶቹ ድርሻቸውን ሰጥቶ በቀረው ወደ ላይኛው ሰፈር ቧንቧ ይዘረጋል። ቤቶቹ ከአሥራ ሁለት ካነሱ ግን ለቧንቧው ስለማይበቃ ሥራው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ባዶ የሚባለውም ቆጣሪው ሁለት ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ቤት ነው።

ዝርዝሩን እሷ እንድታወጣ ታዘዘች። መዝገብ መች አገላበጠች፤ የትኛው ቤት ባዶ እንደሆነ በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች። አሥራ ሁለት ቤት ጻፈችና እግሯ መሬት ሳይነካ ቢሮ ደረሰች።

የቤቶች ክፍል ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ወጣት ነው። ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያየና፣ «እትዬ፣ አሥራ አንዱ ልክ ናቸው። ባለ ሰማያዊ በሩ ቤት ግን ሰው አለበት» አላት።

«የአዋላጇ ቤት? ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ እኮ አራት ዓመታቸው ነው። የቤቱ ቁልፍ እንኳ ዝጓል።»

«ቆጣሪው በየወሩ ሁለት ሜትር ኩብ ይንቀሳቀሳል። ያነበቡት እርስዎ ነዎት፤ ይኸው የእጅ ጽሑፍዎ። ሐሙስ ለነዋሪዎች ስብሰባ አሥራ አንድ ብዬ ነው የማቀርበው።»

እያጉረመረመች ወጣች። ማን ነው እዚያ ቤት የሚገባው? ይህን እያሰላሰለች፣ እንደ ልማዷ ሰማያዊውን በር ገፋ አድርጋ ግቢው ውስጥ ገባች፤ ሎሚውን አጠጣች፤ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ፊቷን መታጠብ ጀመረች። በእፍኟ ውሃ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አዋላጇ ሲሄዱ፣ «ሎሚዬን አደራ። አንቺም ሲደክምሽ እየገባሽ ታጠቢ» ብለዋት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን የምታንቀሳቅሰውም፣ ቁጥሩን የምትጽፈውም ራሷ ናት። አንድ ቀንም ሁለቱን አገናኝታ አላየቻቸውም።

ቤት ገብታ ብትናገር ባሏ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሲበርድለት፣ «ምን ቸገረሽ? ያለፈውን ሁለት ዓመት አንድ ዓይነት ቁጥር አድርገሽ ገልብጪው» አላት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ያልዋሸሁትን ለአንተ እጅ መታጠቢያ ብዬ ልዋሽ?»

«እውነቱን ብትናገሪስ? በደንበኛ ቧንቧ ስትታጠብ ኖረች ብለው ቢያባርሩሽ?»

እሷም የፈራችው ይህንኑ ነበር። አማቷ ግን፣ «ተናገሪ ልጄ» አሏት። «ቢስቁብሽም ከጄሪካኑ አይከብድም።»

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኃላፊው «አሥራ አንድ» ሲል ከላይኛው ሰፈር የመጡት ሁሉ አቀረቀሩ። ይኼኔ እሷ እጇን አወጣች።

«እዚያ ቤት ያለው ሰው እኔ ነኝ» አለች። ሰው ሲንጫጫ ደግሞ፣ «አልኖርበትም። በአዋላጇ ፈቃድ ሎሚ አጠጣለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ።»

«ሁለት ሜትር ኩብ ለአንድ ፊት?» አለ ኃላፊው።

«እግሬንም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፀጉሬን።»

«እኔ እኮ ቅዳሜ ምን ተቀብታ ነው እንዲህ የምታበራው እል ነበር» አለ አንድ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ኃላፊው ሳቁን እየዋጠ ለአዋላጇ ደወለ፤ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አደረገው።

«አዎ፣ እኔው ነኝ አደራ ያልኳት» አሉ አዋላጇ። «ሎሚው እንዴት ነው?»

«ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፣ እትዬ» አለች።

«እንግዲያው ቤቱን አድሱትና ልጆች ያሉት ሰው ይግባበት። ሎሚዬን የነካ ግን ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ «ሎሚ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም» አለና አሥራ አንድን ሰርዞ አሥራ ሁለት ጻፈ። «ስለ ሥራዎ አይስጉ። አዋላጇ ከፈቀዱ እኛ ምን አገባን» አላት።

ቧንቧው ዳገቱን ለመውጣት ስምንት ወር ፈጀበት። ሠራተኛ የራሱን ቆጣሪ ማንበብ ስለማይፈቀድለት፣ የእሷን ቤት የሚያነብ ባልደረባ ከሌላ ሰፈር ተመደበ። በወሩ መጨረሻ መጥቶ ጎንበስ አለና አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ እንደገና ጎንበስ አለ።

«ስንት ሰው ነው የምትኖሩት?»

«ሦስት ነን» አለችው። «ግን ውሃው የመጣ ዕለት እማማ ቧንቧውን አላዘጋም ብለውን ነበር።»