ሳያደገድግ የተናገረው አስተርጓሚ

ወልደአረጋይ የሰው አፍ ሆኖ ያረጀ ሰው ነው። በጉብዝናው ወራት ከነጋዴ ጋር ኤደን ወርዶ እንግሊዝኛ ለቃቅሞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንኮበር ለሚገባ ፈረንጅ ሁሉ አስተርጓሚው እሱ ሆነ። መቼም ያ ትምህርት ባፍንጫው ይውጣ!

በቋንቋ ነገር ቀልድ አያውቅም። እንግሊዞች «ዊሪ» እና «ዌሪ» የሚሏቸው ሁለት ቃላት አሏቸው። ለጆሮ መንትያ ናቸው፤ የፊተኛው መድከም፣ የኋለኛው መጠንቀቅ ነው። ሌላው አስተርጓሚ ሲያምታታቸው እሱ አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም።

በአንኮበሩ ሹም ግቢም የራሱን ደንብ አበጅቶ ነበር። የፈረንጁን ቃል ሲያደርስ «እኔ» እያለ ይናገራል፤ ፈረንጅ አያደገድግምና ያን ጊዜ ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። የራሱን ጉዳይ ሲያቀርብ ግን ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ ዝቅ ብሎ ነው። ሹሙ ኩታውን አይተው የማን ቃል እንደሆነ ይለያሉ።

ሚስቱ አልታየች ያለችው በአገሩ በደነባ ነው። ዓይኗ እየፈዘዘ መሄዱን ከሰማ ወዲህ እህል አልበላ ብሎታል፤ ብርሃኗ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ እንድታየው ይፈልጋል። ሹሙ ሳያሰናብቱት ደግሞ ንቅንቅ ማለት የለም።

አንድ ቀን፣ ሹሙ አላሰናብት ብለውት የከረመ አንድ እንግሊዝ ወደ ባሕር ልውረድ እያለ እንደ ልማዱ ሲማጠን ዋለ። ወልደአረጋይ ያንኑ ልመና ሲያመላልስ ጉልበቱ ዛለ፣ ምላሱ ደረቀ። ሹሙ ሊነሱ ሲሉ፣ ዛሬስ ካልተናገርኩ ብሎ ደፈረ።

«ጌታዬ፣ እኔ ደክሞኛል። ባለቤቴም ታማብኛለች። አገሬ እንድገባ ያሰናብቱኝ።»

ሹሙ እንግሊዙን አዩትና አዘኑለት። ሚስት እንዳለው እስከ ዛሬ ባለመናገሩ ወቀሱት። «በሉ ይሂድ» አሉ፤ «አንተም እስከ ባሕሩ ሸኝተኸው ትመለሳለህ።»

ወልደአረጋይ ትከሻውን ዳሰሰ። ኩታው እዚያው ነበር። ፈጥኖ አውርዶ አደገደገና፣ የለመንኩት እኔ ነኝ ጌታዬ አለ።

ሹሙ ሳቁ። «መቼ እኔ ነኝ ሳትል ቀርተህ ታውቃለህ?» አሉና ወደ እልፍኛቸው ገቡ።

በማግስቱ ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት ጫፍ ላይ እንግሊዙ ደስታውን አልችል ብሎ፣ ሹሙን ምን ብለህ አሳመንካቸው ሲል ጠየቀው።

ወልደአረጋይ ቃሏን አጥርቶ «ዊሪ ነኝ አልኳቸው» አለ።

እንግሊዙ እጁን ጨበጠው። «ልክ ብለሃል፤ እውነትም በጣም ደክሞኝ ነበር» አለና በቅሎው ላይ ወጣ። ወልደአረጋይ ደነባን ከጀርባው ትቶ በእግሩ ተከተለው።